ማንም ሳይነካው የሚጽፍ ስክሪን፦ ስለ «ነኪ የለሽ ንክኪ» ስያሜና ፍቺ

1. መነሻ

በምዕራብ ኦሞ ዞን፣ በማጂ ወረዳ፣ በቱም ከተማ አካባቢ የአርሶ አደሮችን የቡና ማሳ በታብሌት የሚመዘግብ አንድ መረጃ ሰብሳቢ አለ እንበል። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ ሲሻገር ካፊያ ይጥልበታል። ታብሌቱን በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። አርሶ አደሩ የቤተሰቡን ቁጥር ሲጠየቅ «12» ይላል፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ግን «122» ተጽፎ ይታያል። ሠራተኛው ትርፉን ቁጥር ሲያጠፋ ሌላ ቁጥር ይተካል፤ ጣቱን አንሥቶ ቢጠብቅም ቁጥሩ ይጨምራል፤ ከዚያም ገጹ በራሱ ተገልብጦ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

በዚህ አንድ ድርጊት ላይ ሦስት ስሞች ይወጣሉ። ባለቤቱ አርሶ አደር «አንድ ነገር ገብቶበታል» ይላል። ሠራተኛው «ታብሌቱ አብዷል» ይላል። መዝገቡ ዘግይቶ የሚደርሰው ተቈጣጣሪ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው በሚኖርበት ቤት መቶ ሃያ ሁለት ሰው ሲያገኝ «ሐሰተኛ መረጃ» ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ስም ነገሩን ለመንፈስ፣ ሁለተኛው ለዕብደት፣ ሦስተኛው ለወንጀል ይሰጠዋል። ሦስቱም ፍርድ ናቸው፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። ሠራተኛው ዕንጀራውን ሊያጣ የሚችለው በዚህ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱም በከፊል የቃል ክፍተት ነው።

ምሳሌውን የወሰድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ታብሌት በአገራችን ከመዝናኛ ዕቃነት አልፎ የመንግሥት መዝገብ መያዣ ለመሆን ከበቃ ዓመታት ተቈጥረዋል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ወደ 180 ሺሕ የሚጠጉ ታብሌቶች ተዘጋጅተው ነበር፤ ቈጠራው በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ቢወሰንም፣ በወረቀት ፈንታ በስክሪን መመዝገብ ከዚያ ወዲህ በጤና፣ በግብርናና በትምህርት ሥራዎች እየተስፋፋ ሄዷል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም፣ ቱም የሚገኝበት ማለት ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አማርኛን የሥራ ቋንቋው አድርጓል። ስለዚህ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጻፈው ሪፖርት፣ የሚተረጐመው መመሪያና የሚሰጠው ሥልጠና በአማርኛ ነው።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም፣ በ1993 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ መዝገበ ቃላትም እንዲህ ያለው መሣሪያ በሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት የተዘጋጁ ስለሆኑ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ ይሰጣሉ ተብሎ አይጠበቅም። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ የነገሩን ጠባይ እንገልጻለን፤ ቀጥሎ በምንጩ ቋንቋ ያለውን የስያሜ መደናገር፣ ከዚያም የአማርኛውን ዕጩ ቃላት እንመረምራለን፤ በመጨረሻም የመረጥነውን ስያሜ ከነፍቺው እናቀርባለን።

2. የነገሩ ጠባይ

ስያሜ የሚወጣው ከጠባይ ነውና፣ በቅድሚያ ስክሪኑ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ በታብሌትና በስልክ ላይ የምናገኘው የስክሪን ዐይነት መሠረቱ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ቻርጅ፣ የመያዝ ዐቅም ነው። ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በማልቨርን ከተማ በሚገኘው የራዳር ምርምር ተቋም ሆኖ የዚህን ዐይነት ስክሪን ሐሳብ በጽሑፍ ያቀረበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር።

በመስተዋቱ ሥር በዐይን የማይታዩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ቀጫጭን መስመሮች በቁመትና በአግድም ተዘርግተዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከተባለ ብርሃን አሳላፊ ውሕድ ነው። መስመሮቹ በሚተላለፉባቸው ነጥቦች ሁሉ ጥቂት ሙል ይጠራቀማል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ፣ ጣት ወደ አንዱ ነጥብ ሲቀርብ በዚያ ነጥብ ያለው የሙል መጠን ይለወጣል። ተቈጣጣሪው ቺፕ ነጥቦቹን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ አሥር ጊዜ እየዞረ ይለካል፤ የለካውንም አስቀድሞ ከያዘው መነሻ ልክ ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ከተወሰነ ደፍ ባለፈ ጊዜ «እዚህ ላይ ተነክቷል» ብሎ ለመሣሪያው ያስታውቃል።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። ስክሪኑ ጣትን አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የመጠን ለውጥን ነው። ስለዚህ ያንን ለውጥ ሊያመጣ የሚችል ሁሉ በስክሪኑ ዘንድ እንደ ጣት ይቈጠራል። ከነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ውሃ። የዝናብ ጠብታ፣ ላብ ወይም በመስተዋቱና በመከላከያ ላስቲኩ መካከል የገባ እርጥበት የሙሉን መጠን ይለውጣል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ምክንያት በቱምም ሆነ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ቡና መሬቶች ቀዳሚውን ስፍራ ቢይዝ አያስገርምም።

ለ. ቻርጀር። ጥራቱ የተጓደለ ቻርጀር፣ ወይም ኃይሉ የሚዋዥቅ ጄኔሬተር፣ በመስመሮቹ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይለቃል። በዚህ ጊዜ ጣት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ በዚያው መስመር ላይ ያሉ ሌሎች ነጥቦችም እንደ ተነኩ ሆነው ሊመዘገቡ ይችላሉ። መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ችግሩ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው።

ሐ. የመስተዋቱ መሰንጠቅ። የተሰነጠቀ መስተዋት መስመሮቹን ይበጥሳል ወይም እርጥበት ያስገባል። ያልተነካው ምልክት ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ላይ የሚታይ ከሆነ ይህን መጠርጠር ይገባል።

መ. የባትሪ ማበጥ። ያረጀ ወይም በሙቀት የተጐዳ ባትሪ ሲያብጥ ስክሪኑን ከኋላ ይገፋዋል። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

ሠ. የሙቀት መለዋወጥና የውስጥ ሽቦ መላላት። መሣሪያው በፀሐይ ግሎ ወይም በድንገት ቀዝቅዞ መነሻ ልኩ ሲዛባ፣ ወይም ስክሪኑን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘው ጥብጣብ ሲላላ፣ ትክክለኛው ልክና ስሕተቱ ይደባለቃሉ።

ይህ ስንክል የርካሽ ዕቃ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ (በ2018 እ.ኤ.አ.) አፕል ኩባንያ አንዳንድ የአይፎን 10 ስልኮች ስክሪን ሳይነካ ምላሽ ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቆ፣ ስክሪኑን በነጻ የሚለውጥ አገልግሎት ከፍቷል። ለእኛ ለቃል ሠሪዎች የሚጠቅመው የማስታወቂያው አነጋገር ነው፤ ችግሩን በመንፈስ ስም ሳይጠራ ድርጊቱን ብቻ ገልጾታልና።

3. በምንጩ ቋንቋ ያለው መደናገር

የእንግሊዝኛው ተናጋሪ ሕዝብ ይህን ነገር «ጎስት ተች» ወይም «ፋንተም ተች» ይለዋል። የመጀመሪያው የሙት መንፈስን፣ ሁለተኛው ምትሐትን ያስጠራል። ተርጓሚው ቃሉን እንዳገኘው ወደ አማርኛ ቢያመጣው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው የመንፈሱ ጣጣ ሲሆን በሚቀጥለው ክፍል እንመለስበታለን። ሁለተኛው፣ «ጎስት» የሚለው ቃል በዚሁ ሙያ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን የሚያመለክት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ፍቺ የቁልፍ ሰሌዳን ይመለከታል። በብዙ ርካሽ የቁልፍ ሰሌዳዎች ውስጥ ቁልፎቹ በረድፍና በዐምድ የተሳሰሩ ናቸው። የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ማዕዘኖች ላይ ያሉ ሦስት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ከተጫኑ፣ ኤሌክትሪኩ ዞሮ በአራተኛው ማዕዘን ያለውን ቁልፍ እንደ ተጫነ አድርጎ ያስመዘግበዋል።

ሁለተኛው ፍቺ ረድፉንና ዐምዱን ለየብቻ የሚለካ የስክሪን ዐይነትን ይመለከታል። ሁለት ጣቶች በአንድ ጊዜ ሲያርፉ ሁለት ረድፍና ሁለት ዐምድ ይነቃሉ፤ የሚተላለፉባቸው ነጥቦች ግን አራት ናቸው። ስለዚህ ሁለት እውነተኛና ሁለት እውነተኛ ያልሆኑ ነጥቦች ይገኛሉ፤ ስክሪኑም የትኞቹ እንደ ሆኑ ለይቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ፍቺ የጽሑፋችን ርእስ የሆነው፣ ማንም ሳይነካ የሚመዘገበው ንክኪ ነው።

ሦስቱ በአንድ ቃል ሲጠሩ ቢሰማም በጠባያቸው ይለያያሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰው በእርግጥ ነክቷል፤ ትርፉ ምልክት የእውነተኛው ንክኪ ተከታይ ነው። በሦስተኛው ግን የሚከተለው እውነተኛ ንክኪ የለም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ «ጥላ ቁልፍ» እና «ጥላ ነጥብ» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን፤ ጥላ አካል በሌለበት አይኖርምና። «ጥላ ወጊ» የሚለውን ነባር አነጋገር አስታውሶ የሚቃወመን አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ቃሉ ከ«ቁልፍ»ና ከ«ነጥብ» ጋር ሲጣመር ያ ትርጉም ወደ አእምሮ የሚመጣ አይመስለንም። ለሦስተኛው ሌላ ስያሜ መፈለግ ግድ ነው።

4. የአማርኛ ዕጩ ቃላት ምርመራ

4.1 መሣሪያው። «ታብሌት» የሚለውን የውጭ ቃል በአማርኛ እንተካ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። የቃሉ ነባር አቻ «ጽላት» ነው፤ ይህ ግን በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ክቡር ስም ስለሆነ ለሸቀጥ አይውልም። «ሰሌዳ» ደግሞ በጥቁር ሰሌዳና በቁልፍ ሰሌዳ ተይዟል። «ታብሌት» ራሱ በሕክምና ቤት ክኒንን ያመለክታል፤ ሆኖም ሁለቱ ሙያዎች እምብዛም አይገናኙም፤ የአገባቡ ዙሪያ ይለያቸዋል። ስለዚህ «ታብሌት» ይጽና እንላለን። «ስክሪን»ም እንዲሁ፤ «ገጽ» ብንለው ከመጽሐፍ ገጽ ጋር ይጋጫል።

4.2 ድርጊቱ። ስክሪን ላይ ጣት ማሳረፍን ለመግለጽ አማርኛ ቢያንስ ሦስት ግሦች አሉት፤ «ተጫነ»፣ «ዳሰሰ» እና «ነካ»።

«ተጫነ» ክብደትን ይጠይቃል፤ ለቁልፍ ይስማማል፤ ይህ ስክሪን ግን ክብደትን አይለካም። በተጨማሪም «ጫነ» መተግበሪያን በመሣሪያው ውስጥ ማስገባት ለሚለው ጽንሰ ሐሳብ ስለዋለ፣ በአንድ መመሪያ ውስጥ «ይጫኑ» ሁለት ትእዛዝ ይሆናል።

«ዳሰሰ» ሆን ብሎ፣ እያንቀሳቀሱ፣ ለማወቅ መንካት ነው። ከዚህም የወጣው «ዳሰሳ» ዛሬ ለጥናት ዐይነት ተሰጥቷል። የዳሰሳ ጥናት መረጃ በሚሰበስብ ታብሌት ላይ «የዳሰሳ ስሕተት» ብንል፣ የጥናቱ ስሕተት ይሁን የስክሪኑ ማንም ሊያውቀው አይችልም።

«ነካ» በጣም ቀላሉን መገናኘት ይገልጻል፤ ሳያውቁ መንካትንም ይጨምራል። ስሙ «ንክኪ» መጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በአገራችን ከተገኘ በኋላ «ንክኪ ያላቸው ሰዎች» በሚለው አነጋገር በየቤቱ ገብቷል። ስለዚህ «ንክኪ» እና «ንክኪ ስክሪን» የሚሉትን መርጠናል። እርግጥ ነው፣ ከዚሁ ግሥ የወጣው «ንክ» ለዕብድ ቢጤ ይነገራል፤ ይህ ግን ስሙን «ንክኪ»ን አይነካውም።

4.3 ገላጩ። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። በአፍም በጽሑፍም ሊሞከሩ የሚችሉትን አንድ በአንድ እንይ።

«የመንፈስ ንክኪ» እና «ምትሐታዊ ንክኪ»፤ እነዚህ የምንጩ ቋንቋ ቀጥተኛ ትርጉሞች ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ጎስት» ሲል በዘይቤ ይናገራል፤ አድማጩም ዘይቤ መሆኑን ያውቃል። በእኛ ግን «ልክፍት»ና «ለከፈ» የሚሉት ቃላት ገና በሕይወት ያሉ የሕመም ስሞች ናቸው። መንፈስ ነካው የተባለ መሣሪያ ወደ ጥገና ባለሙያ የሚሄድ አይመስልም፤ ዕቃውም የያዘው ሰውም ይሸሻል። «ምትሐት» ደግሞ ከበስተ ጀርባው ምትሐተኛ፣ ማለትም ዐይን የሚያታልል ሰው ይፈልጋል።

«ሐሰተኛ ንክኪ»፤ ይህ ለምሁር ጆሮ የሚስማማ ነው፤ በሌሎች ሳይንሶችም ልማድ አለው። ነገር ግን በቢሮ አማርኛ «ሐሰተኛ» ከ«ማስረጃ»፣ ከ«ሰነድ»ና ከ«መረጃ» ጋር ሲነገር የኖረ የወንጀል ቃል ነው። ቃሉ የሚገልጸው የሐሳዊን ድርጊት እንጂ የመሣሪያን ስንክል አይደለም። የሠራተኛው ሪፖርት «ሐሰተኛ ንክኪ ተመዝግቧል» ቢል፣ አንባቢው የሐሰቱን ባለቤት መፈለጉ አይቀርም፤ በአቅራቢያውም ያለው ሰው ሠራተኛው ብቻ ነው።

«የስሕተት ንክኪ»፤ ይህ ከፊተኛው ይለዝባል፤ ሆኖም ተሳሳተ የሚባለው ሰው እንደ ሆነ ያመለክታል። ጣቱ ስቶ ሌላ ቁልፍ ለነካ ሰው ይህ ስያሜ ተገቢ ነውና ለዚያ ይቀመጥ።

«ጣት አልባ ንክኪ»፤ «አልባ» ከግእዝ የመጣና «ሽቦ አልባ» በሚለው የለመድነው ነው። ነገር ግን ስክሪን በልዩ ብዕርም ይነካል፤ ያም ጣት አልባ ንክኪ ነው።

«ነኪ የለሽ ንክኪ»፤ «የለሽ» በ«ወደር የለሽ» እና በ«አቻ የለሽ» የታወቀ፣ ማንም የሚረዳው ገላጭ ነው። ስያሜው የተፈጸመውን ይናገራል፤ ንክኪ ተመዝግቧል፤ ነኪ ግን አልነበረም። ማንንም አይከስም፤ መንፈስም አይጠራም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። አንደኛው፣ «ንክኪ» የሁለት ወገን መነካካትን የሚያመለክት ስም ስለሆነ ነኪ ከሌለ ንክኪም የለም የሚል ነው። መልሳችን፣ ጽንሰ ሐሳቡ ራሱ ይህን ተቃርኖ የያዘ ነው የሚል ይሆናል፤ በመሣሪያው መዝገብ ንክኪ አለ፣ በሰው በኩል ግን የለም፤ ስያሜውም ሁለቱን ጐን ለጐን ያስቀምጣል። ሁለተኛው፣ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍ ጠብታው ነኪ ነው የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። ስለዚህ በፍቺው ውስጥ «ነኪ» ማለት ሆን ብሎ በጣት ወይም በብዕር የሚነካ ተጠቃሚ ብቻ እንደ ሆነ መወሰን ያስፈልጋል። የሙያ ቃል ከተራ ቃል የሚለየው በዚህ ነው፤ ዳር ድንበሩን የሚያበጅለት ፍቺው ነው።

4.4 ውጤቱ። ነኪ የለሽ ንክኪ በቁልፍ ሰሌዳ ሥዕል ላይ ሲያርፍ ጽሑፍ ይወልዳል። ለዚህ «ትየባ» የሚለውን እንወስዳለን። «ታይፕ» የሚለው የውጭ ቃል ተ-የ-በ የሚል ሥር ተበጅቶለት «ተየበ»፣ «ተያቢ»፣ «ትየባ» እያለ እንደ አገር ልጅ መርባቱ፣ ቋንቋችን የተዋሰውን እንዴት የራሱ እንደሚያደርግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ውጤቱ «ነኪ የለሽ ትየባ» ይባል።

5. በፊደላችን ላይ የሚደርሰው ልዩ ጉዳት

ነኪ የለሽ ትየባ በሁሉም ጽሕፈት ላይ ይደርሳል፤ በግእዝ ፊደል ላይ ግን ከሌላው የተለየ አደጋ አለው። ይህንንም ተርጓሚዎች ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን።

በላቲን ፊደል በሚጻፍ ቃል ላይ አንድ ትርፍ ፊደል ሲጨመር ቃሉ ብዙውን ጊዜ ይበላሻል፤ አንባቢም ስሕተቱን ወዲያው ያያል። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ዘዴዎች ግን ፊደል በሁለት ደረጃ ይገኛል፤ ተናባቢው ሲነካ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢው ሲከተል ሳድሱ ወደ ሌላ ዘር ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ነኪ የለሽ ንክኪ በአናባቢ ቁልፍ ላይ ቢያርፍ ትርፍ ፊደል አይጨምርም፤ ያለውን ፊደል ይለውጠዋል። «ልጅ» «ልጁ» ይሆናል። «ነበር» «ነበሩ» ይሆናል። «በቀል» የሚለው ቃል «በቀለ» የሚባል ሰው ይሆናል።

ሁሉም ትክክለኛ የአማርኛ ቃላት ናቸው። የፊደል አራሚ ፕሮግራም አይዛቸውም፤ ዐይንም ያልፋቸዋል። «ነበር» ያለው ምስክር «ነበሩ» እንዳለ ሆኖ ይመዘገባል፤ አንዱ ሰው ብዙ፣ ወይም አንቱ የሚባል ይሆናል። በቁጥርም ረገድ እንደዚሁ ነው፤ 12 እና 122 ሁለቱም ቁጥር ናቸው። በመሆኑም ነኪ የለሽ ትየባ የታየበት መዝገብ የተበላሸ በሚመስለው ቦታ ብቻ ሳይሆን ደኅና በሚመስለውም ቦታ ሁሉ መመርመር አለበት።

6. ናሙና መመሪያ

የሚከተለው ስያሜዎቹን በሥራ ላይ ለመፈተን ያዘጋጀነው አጭር መመሪያ ነው። ተርጓሚዎች እንደ አስፈላጊነቱ ሊገለገሉበት ይችላሉ።

1) ነኪ የለሽ ንክኪ ሲያዩ መጻፍዎን ያቁሙ፤ የተመዘገበውንም ሳይመረምሩ አያስተላልፉ።
2) ታብሌቱ ቻርጅ ላይ ከሆነ ይንቀሉት። ችግሩ ከጠፋ ቻርጀሩን ይለውጡ።
3) ስክሪኑንና እጅዎን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ሽፋኑንና መከላከያ ላስቲኩን አውልቀው ከሥራቸው እርጥበት አለመኖሩን ይዩ።
4) ታብሌቱ ከጋለ ጥላ ውስጥ አኑረው ያቀዝቅዙት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገቡት።
5) አጥፍተው እንደገና ያስነሡት። በስክሪኑ ማጥፋት ካልተቻለ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው ይቈዩ።
6) ጀርባው አብጦ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ተነሥቶ ከሆነ ቻርጅ አያድርጉት፤ አይጫኑት፤ አይብሱት። ከሚቃጠል ነገር አርቀው ለጥገና ባለሙያ ያስረክቡ።
7) ሥራው የማይቈም ከሆነ የውጭ የቁልፍ ሰሌዳ ወይም ማውዝ በገመድ ያገናኙ፤ ይህ ካልተቻለ በወረቀት ይመዝግቡ።
8) በአንድሮይድ ታብሌቶች ላይ በአበልጻጊዎች ምርጫ ሥር የንክኪን ቦታ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ አለ። እሱን ከፍተው እጅዎን ያንሡ፤ በስክሪኑ ላይ የሚሣለውን በሌላ ስልክ በቪዲዮ ይቅረጹ።

ስምንተኛው ትእዛዝ ከሁሉ ይበልጣል እንላለን። እጁን ያነሣ ሰው ፊት ለፊት ስክሪኑ መስመር ሲሥል የሚያሳይ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ከብዙ ገጽ ማመልከቻ የበለጠ ያስረዳል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይጨመሩ። ቃሉ በራሱ የሚለወጠው ቦታ ካቋረጡ በኋላ ብቻ ከሆነ፣ ይህ የራስ አራሚ ሥራ እንጂ ነኪ የለሽ ንክኪ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ስክሪኑ ያለ ነኪ ሲንቀሳቀስ በቅደም ተከተልና በዓላማ፣ ለምሳሌ ወደ ገንዘብ መተግበሪያ የሚያመራ ከሆነ፣ የሌላ ሰው የርቀት ቁጥጥር ሊሆን ይችላልና ታብሌቱን ከኔትወርክ ወዲያው መለየት ያስፈልጋል። ነኪ የለሽ ንክኪ ዓላማ የለውም፤ ይዘላል፣ ይደጋግማል ወይም አንድ ስፍራ ላይ ይቈያል።

7. ስያሜው ወደ አካባቢው ቋንቋዎች ሲሻገር

በቱም የሚሰጥ ሥልጠና በአማርኛ ቢጀመርም በአማርኛ ብቻ አይጨረስም። በአካባቢው የሚነገረው ዲዚ ከሸኮና ከናዪ ጋር በአንድ ንኡስ ቤተሰብ የሚመደብ የኦሞ ቋንቋ ነው፤ ሜኤንና ሱሪ ደግሞ የናይሎ ሰሐራ ቋንቋዎች ናቸው። ወደ ሚዛን ተፈሪ ስንወጣ ቤንችኛን እናገኛለን፤ ይህም በአምስት ጽኑ የድምፅ ከፍታዎችና በአንድ ወጪ ከፍታ ቃላትን የሚለይ ቋንቋ ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ የግሥ አረባብም፣ የአሉታ አሠራርም ከአማርኛ ይለያል፤ «የለሽ» የሚለውን ቅርጽ ቃል በቃል መገልበጥ ትርጉም አይሰጥም።

ስለዚህ ወደ እነዚህ ቋንቋዎች መሻገር ያለበት ፍቺው ነው። ተርጓሚው በመጀመሪያ «ስክሪኑ ሰው ሳይነካው እንደ ተነካ ቈጠረ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሱ ቋንቋ ይበል፤ ተናጋሪዎቹ ከዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አጭር ስም ያወጣሉ። አማርኛው «የመንፈስ ንክኪ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ግን ከአማርኛ ወደ ዲዚ፣ ከዲዚም ወደ ሰሚው ቤት የሚሻገረው መንፈሱ ይሆን ነበር። የመካከለኛ ቋንቋ ኃላፊነት ከባድ የሚሆነው ስሕተቱ በራሱ ላይ ስለማይቀር ነው።

8. የቀረቡት ስያሜዎች

ንክኪ ስክሪን፤ (ስም) የጣትን ወይም የልዩ ብዕርን ማረፍ በሙል መጠን ለውጥ ዐውቆ የሚመዘግብ ስክሪን።

መነሻ ልክ፤ (ስም) ንክኪ በሌለበት ጊዜ የሚለካና ለማነጻጸሪያ የሚያዝ የሙል መጠን።

ደፍ፤ (ስም) ከመነሻ ልክ የተገኘው ልዩነት ንክኪ ተብሎ እንዲመዘገብ ሊያልፈው የሚገባ ዝቅተኛ መጠን።

ነኪ የለሽ ንክኪ፤ (ስም) ተጠቃሚው ሆን ብሎ በጣት ወይም በብዕር ሳይነካው፣ በእርጥበት፣ በኤሌክትሪክ ረብሻ፣ በስብራት ወይም በሌላ ምክንያት በንክኪ ስክሪን የሚመዘገብ ንክኪ።

ነኪ የለሽ ትየባ፤ (ስም) ከነኪ የለሽ ንክኪ የሚገኝ ፊደል፣ ቁጥር ወይም ምልክት።

የስሕተት ንክኪ፤ (ስም) ተጠቃሚው ሌላ ነጥብ ሊነካ ሲል ስቶ የነካው ንክኪ።

ጥላ ቁልፍ፤ (ስም) ሌሎች ቁልፎች በአንድ ጊዜ በመጫናቸው ሳይጫን የሚመዘገብ ቁልፍ።

ጥላ ነጥብ፤ (ስም) ረድፍና ዐምድን ለየብቻ በሚለካ ስክሪን ላይ ሁለት ጣቶች ሲያርፉ ከእውነተኞቹ ጋር የሚመዘገብ ትርፍ ነጥብ።

ወደ መነሻችን እንመለስ። በቱም ያለው መረጃ ሰብሳቢ በቀኑ ሪፖርት ላይ «በሦስተኛው ቤት፣ ካፊያ ከጣለ በኋላ፣ በቁጥር ሠንጠረዡ ላይ ነኪ የለሽ ንክኪ ታይቷል፤ መዝገቡ በወረቀት ተይዟል» ብሎ ቢጽፍ፣ ተቈጣጣሪው የሚያነበው ጊዜ፣ ስፍራና ምክንያት ያለው የመሣሪያ ስንክል ነው። መቶ ሃያ ሁለቱ ወደ አሥራ ሁለት ይመለሳል፤ ታብሌቱ ወደ ጥገና፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይሄዳል። ስያሜዎቹን በሥራ ላይ ያዋሉ ተርጓሚዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች ያገኙትን እንቅፋት ወይም የተሻለ ቃል ቢያመለክቱን፣ ፍቺዎቹን እንደገና ለመመርመር ዝግጁዎች ነን።